ምዕራፍ ሰባት፦ መጀመሪያ ሥዕሉ፣ ኋላ መብራቱ

ነቀምቴ ውስጥ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ቁጭ ብሎ የሠራ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል። የኮምፒውተሩን ጀርባ፣ ቀለም ያልነካውን ብረት፣ በእጅ ጀርባ ቀስ ብለው ሲዳብሱት ብረቱ ይሻክራል፤ ከሥሩ አንድ ነገር የሚርመሰመስ ይመስላል። በባዶ እግር እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ከቆሙ ደግሞ መሻከሩ ይቀርና ይነዝራል። ቡርቃ ጃቶ ሰፈር አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ለዚህ መድኃኒት አዘጋጅታለች፤ አንድ ጥንድ የላስቲክ ነጠላ ጫማ ከጠረጴዛው ሥር አይጠፋም። ኬብል ልነካካ ብዬ ጎንበስ ስል «ኦቦ፣ ጫማውን ያድርጉ፤ ይነዝራል» አለችኝ። ለምን እንደሚነዝር ስጠይቃት ግራ ተጋብታ አየችኝና «ኮረንቲ ነዋ!» አለች።

መልሷ እውነት ነው፤ ግን ጥያቄው እዚያው እንዳለ ቀረ። ኮረንቲው በሽቦው ውስጥ መሆን ሲገባው ብረቱ ላይ ምን ያደርጋል? የሞኒተርን ሁለት ኬብሎች መሰካት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ አንዱ ሥዕል ያመጣል፣ አንዱ መብራት። የትኛው ይቀድማል፣ ለምንስ ይቀድማል የሚለው ግን የሚፈታው ከዚህ ንዝረት ተነሥተን ነው። ነጠላ ጫማው ሰውየውን ከንዝረቱ ያድነው ይሆናል፤ ሞኒተሩን አያድነውም።

በኮምፒውተሩ ሳጥን ውስጥም (ብዙ ሰው «ሲፒዩ» የሚለው ማለት ነው) በሞኒተሩም ውስጥ 220 ቮልቱን ተቀብሎ ወደ ጥቂት ቮልት የሚያወርድ ክፍል አለ። ይህ ክፍል ኤሌክትሪኩን በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጊዜ እያበራ እያጠፋ ነው የሚሠራው፤ በዚህ የተነሣ ራዲዮ የሚያስጮህ ረብሻ ያወጣል። ረብሻውን ለማስታገስ ሠሪዎቹ ከፌዙ አንድ፣ ከኑትራሉ አንድ፣ ሁለት ትናንሽ ካፓሲተሮች ወደ ሳጥኑ ብረት ያያይዛሉ። ብረቱ በሦስተኛው ሽቦ፣ ቢጫና አረንጓዴ በሆነው የግራውንድ ሽቦ፣ ከመሬት ጋር ስለተሳሰረ ረብሻው ወደ መሬት ይወርዳል፤ የፋብሪካው ሐሳብ ይህ ነው።

ሦስተኛው ሽቦ ከሌለስ? ሁለቱ ካፓሲተሮች 220ውን እኩል ይካፈሉታል፤ ብረቱ በመካከላቸው በ110 ቮልት ገደማ ተንጠልጥሎ ይቀራል። 110 ቮልት ሲባል ያስደነግጣል፤ ነገር ግን በእነዚያ ካፓሲተሮች በኩል ሊያልፍ የሚችለው ኮረንቲ በጣም ትንሽ ነው፤ ከአንድ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊ አምፒር በታች። ሰው በጉልህ የሚሰማው ከ1 ሚሊ አምፒር አካባቢ ጀምሮ ነው። ወደ 10 ሲደርስ ጡንቻ ይጨመደዳል፣ የያዘውን መልቀቅ ያቅታል፤ ከ30 ሲያልፍ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። እንግዲህ ያ መሻከር ከመጀመሪያው ደረጃ በታች ያለ ነው፤ በራሱ አይገድልም። የሚናገረው ግን አንድ ነገር ነው፦ ይህ ብረት መሬት የለውም።

አሁን ሞኒተሩን እናምጣ። ሞኒተሩ በአንድ ሶኬት፣ ኮምፒውተሩ በሌላ ሶኬት ተሰክተዋል እንበል፤ ሁለቱም በርተዋል፣ የአንዱ ብረት ተንጠልጥሏል፣ የሌላው መሬት ይዟል። የሥዕሉን ኬብል ይዘው ወደ ቦታው ያስጠጋሉ። በዚያች ቅጽበት በሁለቱ መካከል ያለው የቮልት ልዩነት መንገድ ያገኛል። የኬብሉ ራስ ብረት ቀድሞ ከተገናኘ ልዩነቱ በብረቱ በኩል ያልፋል፣ ምንም አይሆንም። ኬብሉ ዘመም ብሎ ከገባና ከጥርሶቹ አንዱ ከቀደመ ግን በ5 ቮልትና ከዚያ በታች እንዲሠራ በተፈጠረ ቺፕ ውስጥ ሰብሮ ያልፋል። አሥር ጊዜ ምንም ሳይሆን በአሥራ አንደኛው ጢስ የለ፣ ድምፅ የለ፣ ሥዕሉ ይጠፋል። ባለሙያው ዘንድ ሲወሰድ «ፖርቱ ሞቷል» ይባላል።

ኤችዲኤምአይ ዕቃው በርቶ ሳለ እንዲሰካ ታስቦ አልተሠራም ወይ ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። አዎ፣ ታስቦ ነው የተሠራው፤ ያሰበው ሰው ግን በሁለቱም ጫፍ ግራውንድ አለ ብሎ ነው ያሰበው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ሁለቱም ዕቃዎች ከግድግዳ ይነቀላሉ። የሥዕሉ ኬብል በሁለቱም ጫፍ ይሰካል፣ ብሎን ካለው ብሎኑ ይጠብቃል። ከዚያ የፓወር ኬብሉ ሴቴ ጫፍ ሞኒተሩ ጀርባ ድረስ ጠልቆ ይገባል። ግድግዳው የመጨረሻ ነው። ሲነቀል ከግድግዳው ተጀምሮ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሞኒተሩን በቁልፉ ማጥፋት አይበቃም፤ ቁልፉ የሚያስተኛው ሥዕሉን ነው እንጂ ካፓሲተሮቹ ከ220ው ጋር እንደተያያዙ ናቸው። የግድግዳው ማብሪያ ማጥፊያም እምነት አይጣልበትም፤ ብዙ ጊዜ የሚቆርጠው አንዱን ሽቦ ብቻ ነው፣ ክብ እግሩ ፕላግ ደግሞ ተገልብጦም ይገባል፤ ስለዚህ የቆረጠው ፌዙን ይሁን ኑትራሉን ከውጭ አይታይም።

ይህ ሁሉ የሆነው ወለጋ የኃይል ድሃ ሆኖ አይደለም። ፊንጫ እዚያው ሆሮ ጉዱሩ ነው፤ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያመነጫል፣ ዛሬ 134 ሜጋ ዋት ያህል ይችላል። ወደ ሰሜን ምዕራብ ጉባ ላይ ደግሞ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ አለ፣ 5,150 ሜጋ ዋት። ኃይሉ ከደጅ ነው። ጉድለቱ ከቆጣሪው ወዲህ፣ በባለቤቱ ግድግዳ ውስጥ ነው። ብዙዎቹ የቆዩ ክፍሎች ሽቦ የተዘረጋላቸው ለአምፖልና ለራዲዮ ነበር፤ ለእነዚያ ሁለት ሽቦ በቃ። በኋላ ባለሦስት መስመር ሶኬት ተገዝቶ በዚያው በሁለቱ ሽቦ ላይ ይታሰራል። ፊት ለፊቱ ያምራል፤ የግራውንዱ ብሎን ግን ከጀርባ ምንም ሳይዝ ባዶውን ቁጭ ብሏል።

ፕላጎቹም የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። ወፍራሙ ክብ ፕላግ ግራውንዱን የሚይዘው በጎንና በጎኑ ባሉት የናስ ልሳኖች ነው፤ ባለሁለት ቀዳዳ ተራ ሶኬት ላይ ሲሰካ እግሮቹ ይገባሉ፣ ልሳኖቹ ምንም አይነኩም። ከዱባይ የመጣው ባለሦስት ጠፍጣፋ እግሩ ፕላግ እኛ ግድግዳ ላይ አይገባምና መሃል ላይ ነጭ አዳፕተር ይደረግለታል፤ በየሱቁ ከሚሸጡት ርካሽ አዳፕተሮች አብዛኞቹ ሦስተኛውን እግር ይቀበሉታል እንጂ ወደ የትም አያደርሱትም። ሦስተኛውን እግር በብረት መጋዝ ቆርጦ «አሁን ገባ» ያለ ሰውም አይቻለሁ።

ግራውንድ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ የኤሌክትሪክ ባለሙያ በመለኪያ ቢያየው ይሻላል። ፍንጭ ለማግኘት ያህል ግን የቴስተር ካቻቪቴ ጫፍ የሳጥኑ ብረት ላይ ይደረጋል፤ ደብዘዝ ብሎ ከበራ ብረቱ ተንጠልጥሏል። ቦግ ብሎ ከበራ፣ ወይም ሲነኩት ከመሻከር አልፎ ከመታ፣ ያ የካፓሲተር ጉዳይ ላይሆን ይችላል፤ ውስጥ የተላጠ ሽቦ ይኖራል። እዚያ ላይ መመራመር የለም፤ ብረቱን ሳይነኩ ነቅሎ ማስቀመጥ ነው።

ይህን ንዝረት ለማስቆም አንዳንድ ሠራተኛ የሚያደርጋት ብልሃት አለች፤ ከሶኬቱ ጀርባ ግራውንዱን በአጭር ሽቦ ከኑትራሉ ጋር ማገናኘት። ንዝረቱ ወዲያው ይጠፋል፣ ባለቤቱም ይመርቃል። እኔ ግን በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ከጠቀስኳቸው ስሕተቶች ሁሉ የምፈራው ይህን ነው። አንድ ቀን ኑትራሉ ከአንድ መገጣጠሚያ ላይ ይላላል፣ ወይም ቆጣሪው ጋ ሽቦ ሲቀየር ፌዝና ኑትራል ይገለባበጣሉ፤ ያን ጊዜ የሳጥኑ ብረት ሙሉ 220 ቮልት ይሆናል፣ ያውም በካፓሲተር በኩል ሳይሆን በቀጥታ። ትክክለኛው ግራውንድ መሬት ውስጥ የተቀበረ ዘንግና ከዚያ እስከ ሶኬቱ የተዘረጋ የራሱ ሽቦ ነው። የውኃ ቧንቧ ላይ ማሰርም ድሮ ቀረ፤ ቧንቧው ፕላስቲክ ሆኗል።

አንድ ሞኒተር ላለው ቤት ነገሩ እዚህ ሊያበቃ ይችላል። የኮምፒውተር ክፍል ላለው ትምህርት ቤት ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ተማሪው ከኪቦርድ ጋር ቀድሞ መተዋወቅ አለበት፤ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ያለባቸው ነቀምቴ፣ ጊምቢና ሻምቡ ብቻ ሳይሆኑ የወረዳ ከተሞችም የኮምፒውተር ክፍል ይፈልጋሉ። ክፍሉ ሲደራጅ ስድስት ኮምፒውተር ከነሞኒተሩ በአንድ ጥግ ይደረደራል፣ ዲቫይደር በዲቫይደር ላይ ይሰካል፣ ሁሉም መጨረሻ ላይ ወደ አንድ የግድግዳ ሶኬት ይሄዳል። ሶኬቱ ግራውንድ ከሌለው የዲቫይደሩ ሦስተኛ መስመር መሬት ሳይደርስ የአሥራ ሁለቱን ዕቃዎች ብረት እርስ በርስ ያስተሳስራል። ከእያንዳንዱ ሩብ ሚሊ አምፒር ብቻ ቢያፈስ ድምሩ 3 ነው። ብቻውን ያሻክር የነበረው አሁን ልጅ ያስጮሃል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ከአሥራ ሁለቱ በአንዱ ውስጥ ፌዝ ብረት ቢነካ አሥራ ሁለቱም ብረቶች ፌዝ መሆናቸው ነው፤ የተበላሸው በአንደኛው ጥግ፣ የሚመታው በሌላኛው። ለኮምፒውተር ክፍል ከተመደበው ገንዘብ ላይ መጀመሪያ የሚነሣው የግራውንድ ዘንጉና 30 ሚሊ አምፒር ሲያፈስ ራሱ የሚቆርጠው ማጥፊያ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ዘንግ ግን በምረቃ ቀን ፎቶ አያስነሣም።

ስለ ቮልት መውረድ የሚጨነቁ ብዙ ናቸው፤ እኔ እምብዛም አልጨነቅም። ጎረቤት ምጣድ ሲጥድ አምፖሉ ደከም ይላል፤ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት ያህል ይጎትታል፣ ሞኒተሩ ግን 20 ወይም 30 ዋት ነው። ከሞኒተሩ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ «100-240» ካለ ቮልቱ ወደ 160 ቢወርድም ሥራውን ይሠራል፣ ስታቢላይዘር ባይኖረውም አይሞትም። ሊያስጨንቅ የሚገባው ከውጭ በእርዳታ የመጣ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ከፓወር ሳፕላዩ ጀርባ «115» እና «230» የሚል ትንሽ ቀይ መምረጫ ያላቸው አሉ። ከአሜሪካ የመጣው 115 ላይ ሊሆን ይችላል፤ እንደዚያው ግድግዳችን ላይ ከተሰካ ፍንዳታው ጎረቤት ይሰማል። ከመሰካቱ በፊት መምረጫውን በካቻቪቴ ጫፍ ወደ 230 መግፋት ነው። ሆድ ያለው የድሮው ሞኒተር ከመጣ ደግሞ ይሰካ እንጂ አይከፈት፤ የመስታወቱ ቱቦ ከ20,000 በላይ ቮልት ይዞ ይሠራል፣ ከተነቀለም በኋላ ቅሪቱ ውስጡ ሊቆይ ይችላል።

ክረምቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ነቀምቴ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣ የምዕራቡን ዝናብ በሙሉ ደረቷ የምትቀበል ከተማ ናት፤ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር ሰው ሁሉ የሚሆነውን ያውቃል። መብረቅ ዕቃ ለማቃጠል ቤቱን መምታት የለበትም፤ ራቅ ብሎ መስመሩ አጠገብ ቢወድቅ እንኳ በመስመሩ ላይ ሺዎች ቮልት ሊጭን ይችላል። በማጥፊያ ውስጥ ያለው ክፍተት ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፤ ያ ቮልት ይዘለዋል። የሚያድነው ከግድግዳ የተነቀለ ፕላግ ነው፤ እሱም ደመናው ገና ከሩቅ ሲያጉረመርም፣ ራስ ላይ ከመጣ በኋላ አይደለም። እናቶቻችን ነጎድጓድ ሲሰማ «ንቀሉ!» ሲሉ ልክ ነበሩ። ለእነሱ ምክር የምጨምረው አንድ ነገር ነው። ዛሬ ሞኒተሩ ቀን ጽሕፈት፣ ማታ ኳስ ነው፤ ከሪሲቨር ጋር በኤችዲኤምአይ ይያያዛል፣ ሪሲቨሩ ጣሪያ ላይ ካለው ዲሽ ጋር። ፓወሩ ተነቅሎ የዲሹ ኬብል ከቀረ መብረቁ በጣሪያ በኩል መንገድ አለው። ሪሲቨሩ የተያያዘበት ሞኒተር ከሥዕሉ ኬብልም መለየት አለበት፤ ፓወሩ ቀድሞ ከተነቀለ ይህን ማድረግ ምንም አደጋ የለውም።

መብራት ሲመለስ ልጆች «ኢብሳን ዱፌ!» ብለው ሰፈሩን ያናጉታል። ደስታው ለልጆቹ ይሁን፤ ኮምፒውተሩ ግን አምስት ደቂቃ ይታገሥ። በዚያች ቅጽበት ሳይነቀል የቆየው ምጣድና ፍሪጅ ሁሉ አንድ ላይ ይነሣል፣ ቮልቱ ይወርዳል ይወጣል፣ ብዙ ጊዜም መብራቱ ተመልሶ ይሄዳል። ዩፒኤስ ያለው ሰው ይህን ያልፈዋል፤ እሱ ደግሞ ሌላ ነገር ያስብ። ከግድግዳ የተነቀለ ዩፒኤስ ሙት አይደለም፤ ከባትሪው 220 ቮልት ሠርቶ በጀርባው ማውጣቱን ይቀጥላል። ኬብል ለመቀየር የግድግዳውን ነቅሎ «አሁን ኮረንቲ የለም» ማለት እዚያ ላይ አይሠራም፤ ዩፒኤሱ ራሱ መጥፋት አለበት።

ስለ ሥዕሉ ኬብል ራሱ ብዙ የሚባል የለም። ሰማያዊ ራስ ያለው ቪጂኤ በ1987 እ.ኤ.አ. ከአይቢኤም የወጣ ነው፤ ወጣቶቹ ቢንቁትም በየቢሮው አሁንም አለ። ሁለቱን ብሎኖች በጣት ማጥበቅ ያስፈልጋል፣ በፒንሳ አይደለም። ያልጠበቀ ቪጂኤ ቀለም ይሰርቃል፤ የቀዩ ሽቦ ከላላ ስክሪኑ ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ያደላል፣ አረንጓዴው ከላላ ወይን ጠጅ ይሆናል፣ ሰማያዊው ከላላ ቢጫ። በዚህ ምክንያት ብቻ «ስክሪኑ ተበላሽቷል» ተብሎ በርካሽ የተሸጠ ሞኒተር አውቃለሁ። ኤችዲኤምአይ ብሎን የለውም፣ ስለዚህ ጠረጴዛው ሲገፋ ይላላል። ዲስፕሌይ ፖርት ብዙ ጊዜ መቆለፊያ አለው፤ መቆለፊያውን ሳይጫኑ የሚጎትቱ ሰዎች ፖርቱን ከነሥሩ ያወጡታል። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ ለማለፍ በውስጡ ቺፕ ያለው ቀያሪ ያስፈልጋል፤ ሽቦ ብቻ የሆነው ርካሹ ኬብል ቢገጥምም ሥዕል አያመጣም። ከነቺፑም ቢሆን ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚያሳልፈው ሌላ፣ ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚያሳልፈው ሌላ ነው፤ ሲገዛ ከየትኛው ወደ የትኛው እንደሆነ መናገር ነው።

ሁሉም ተሰክቶ «ኖ ሲግናል» ካለ ሞኒተሩ ደህና ነው ማለት ነው፤ መናገር ችሏልና። ከሞኒተሩ ቁልፎች መግቢያ የሚመርጠውን ተጭኖ ኬብሉ ያለበትን ማስያዝ ይቀድማል። ሳጥኑ የተለየ የሥዕል ካርድ ካለው ደግሞ ኬብሉ የሚሰካው ዝቅ ብሎ በጋደመው ካርድ ላይ እንጂ ከላይ ከዩኤስቢዎቹ አጠገብ ባለው ላይ አይደለም።

የቪጂኤ ጥርስ ከተጣመመ በእርሳስ ይቃናል፤ እርሳሱ የሚጫነው ዓይነት ሆኖ ውስጡ ባዶ ሲሆን ጫፉ ጥርሷን አጥልቆ ቀስ አድርጎ ይመልሳታል። በፒንሳ ከተሞከረ ይሰበራል። አንድ ጊዜ አዲስ የገዛሁትን ኬብል ስቆጥር ባለ15 ጥርስ ነው የተባለው 14 ሆኖ አገኘሁት፤ ከመካከለኛው ረድፍ አንዷ የለችም። ተናድጄ በዝናብ ወደ ሱቁ ተመለስኩና «ጎዶሎ ሸጥክልኝ» አልኩት። ሻጩ ምንም ሳይናገር አንድ እሽግ አዲስ ኬብል ባንኮኒው ላይ ዘረገፈልኝ። አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። ሁሉም 14 ነበሩ፤ ዘጠነኛዋን ጥርስ ብዙ ፋብሪካዎች ከመጀመሪያውም አይተክሏትም።